የቤት እንስሳችን ስትሞት፦ ቶሎ ሌላ ማምጣት ወይስ መቆየት?

አይጥ የሚመስለው ትንሹ የቤት እንስሳ ሃምስተር በአብዛኛው የሚኖረው ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሳይታሰብ ይመጣል፦ ሌላ ላምጣ ወይስ ልቆይ?

ወዲያው ማምጣት ቤቱን ከዝምታ ያድነዋል። ሌሊት ሲሽከረከር የኖረው የሃምስተሩ መሮጫ ጎማ ጸጥ ሲል በእርግጥ ይከብዳል። ግን አዲሱ ያኛው አይሆንም። ይደበቃል፣ ጣት ይነክሳል። እናንተም ሳይታወቃችሁ «ያ እንዲህ አያደርግም ነበር» ትላላችሁ። ምስኪኑ ምን አጠፋ?

እኔን ብትጠይቁኝ መቆየት ይሻላል። የምግብ ሳህኑን አጥቦ ለማንሳት ሳምንት ቢፈጅም ይፍጅ። «ለአይጥ ነው እንዲህ የምትሆነው?» የሚል አይጠፋም፤ እሱን እለፉት። ልጅ ካለ ደግሞ «ተኝታ ነው» አትበሉት፤ መተኛት ሊያስፈራው ይችላል። ሞታለች በሉት።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብቻዋን የቀረች ጓደኛ ካለች። ጥንቸልና ጊኒ ፒግ (ከሃምስተር ተለቅ የሚል አይጥ መሰል እንስሳ) ብቸኝነት አይስማማቸውም። ጥንቸል ግማሽ ቀን ያህል ምግብ እምቢ ካለች «አዝና ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ በዚያው ቀን እንስሳት ሐኪም ጋ መውሰድ ነው። ለእሷ ጓደኛ ቶሎ ቢፈለግላት አልቃወምም። መጀመሪያ ግን በመሃላቸው የሽቦ መረብ አድርጉና እየተሸታተቱ ይለማመዱ።