የመለኪያ መሣሪያ ሪሌይ ለቸገራችሁ፦ ደብረ ማርቆስ አንድ ጋሼ አሉ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የመለኪያ መሣሪያ የሚጠግኑ ጋሼ አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ አደራ ስላሉኝ አልጠቅስም። ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው። የሶላር ኢንቨርተር፣ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የቲቪ ቦርድ፣ የመጣልኝን እጠግናለሁ። ኢንቨርተር ለሚሠራ ሰው ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ሲግናልን በስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ዓይኑ ነው። ሞስፌቱ (ኃይሉን የሚቆራርጠው ትራንዚስተር) ጌት ላይ የሚደርሰውን ሲግናል ሳታዩ አዲስ ሞስፌት ብትገጥሙ መልሳችሁ ታቃጥሉታላችሁ። ስለዚህ ኦሲሎስኮፔ ሲበላሽ ሥራዬም አብሮ ቆመ።

ችግሩ ቻናል አንድ (የመጀመሪያው የሲግናል መግቢያ) ላይ ነበር። ትንንሾቹ ሬንጆች (የቮልቴጅ መለኪያ ደረጃዎች) ላይ ደህና ይሠራል። ወደ ትልልቆቹ ሲዞር ሲግናሉ ያንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ሳጥኑን መታ ሲያደርጉት ይመለሳል። ኦሲሎስኮፕ የነካ ሁሉ ሬንጅ ሲቀየር ከውስጥ የሚሰማውን "ጠቅ" ያውቀዋል። ያ የሪሌይ፣ በኤሌክትሪክ ተስቦ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ድምፅ ነው። የሚገባውን ቮልቴጅ የሚቀንሰውን ክፍል የሚያስገቡትና የሚያስወጡት እነዚያ ትንንሽ ሪሌዮች ናቸው። ኮንታክታቸው (የሚነካኩት ጫፎቻቸው) ሲቆሽሽ ወይም ሲያልቅ "ጠቅ" ማለቱን አይተውም፤ ሲግናሉ ግን አያልፍም።

መጀመሪያ የሰጠሁት ቦታ "ተሠርቷል" ተብሎ ተመለሰልኝ። አልተሠራም ነበር።

ከዚያ ጋሼ ጋ ወሰድኩት፤ ከፈቱት። በኦሪጅናሉ ቦታ ሁላችንም የምናውቃት ሰማያዊዋ ባለ 10 አምፒር ሪሌይ በሽቦ ተንጠልጥላለች። "ልጄ፣ ይቺ ለስቴብላይዘር ትሆናለች። ሚሊቮልት ግን አታሳልፍም" አሉኝ። ምክንያቱን ደግሞ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የኃይል ሪሌይ ኮንታክት በብር የተሠራ ነው። ብር ላይ በጊዜ ብዛት ስስ ቆሻሻ ይይዛል። ትልቅ ከረንት ሲያልፍበት ያን ቆሻሻ አቃጥሎ ያልፋል፤ ደካማ ሲግናል ግን ይህን ማድረግ አይችልም። የሲግናል ሪሌይ ኮንታክት በወርቅ የሚለበጠው ለዚህ ነው። ኮይሉም (ሪሌዩን የሚስበው የሽቦ ጥቅል) ሌላ ጣጣ አለው። ሰማያዊዋ በ5 ቮልት ወደ 70 ሚሊ አምፒር ትስባለች። ኦሪጅናሉ፣ የፓናሶኒክ ቲኪው2፣ 28 ገደማ ብቻ ነው የሚስበው። ሪሌዩን የሚነዳው ትራንዚስተር ለኦሪጅናሉ ልክ ነው የተመረጠው። የተንጠለጠለው ሽቦ ደግሞ በራሱ ኖይዝ (የማይፈለግ ሲግናል) ይሰበስባል።

አዲስ ኦሪጅናል ማግኘት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ከውጭ ለማዘዝ የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? መርካቶ ብትሉ፣ ሞልቶ የሚገኘው የኃይል ሪሌይ ነው። ጋሼ ጋ ግን ከቆራሌው የገዟቸው አሮጌ የስልክ ማዞሪያ ካርዶች፣ ፋክሶችና ሞደሞች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። የስልክ መሣሪያ ደግሞ የሲግናል ሪሌይ ቤት ነው። ይህን ሳውቅ ስንቱን ቦርድ ሰው ሲጥል እንዳየሁ አስቤ አዘንኩ።

ከአንዱ ካርድ ላይ ቁርጥ ተመሳሳዩን አገኘን ብዬ ደስ አለኝ። 14 በ9 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 5፣ ቀለሙም ያው ነው። ጋሼ ባትሪ አብርተው በማጉያ መነጽር አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ጽሑፉ ላይ "ኤል" የምትል አንዲት ፊደል ጨምሯል። ላቺንግ ነው ማለት ነው። ላቺንግ ሪሌይ አንዴ ከተመታ ከረንቱ ቢቋረጥም እንደያዘ ይቀራል። የእኔ ኦሲሎስኮፕ ከረንቱ ሲቋረጥ የሚለቅ ዓይነት ነው የሚፈልገው። እሱ ቢገባ ኖሮ አንዴ ይይዝና አይለቅም ነበር። ያቺን ፊደል ስንት ሰው ያያል?

ትክክለኛው ሌላ ካርድ ላይ ተገኘ። ያገለገለ ስለሆነ ግን እንዲሁ አልገጠሙትም። ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላይ ላይ አስረው ቮልቴጁን ቀስ እያሉ ጨመሩ። ባለ 5 ቮልቱ ሪሌይ ቢበዛ 3.75 ላይ መያዝ አለበት፤ ሲቀንሱለት ደግሞ 0.5 ከመድረሱ በፊት መልቀቅ አለበት። ሁለቱንም አለፈ። ቀጥለው ኮንታክቱን ለኩ። ተራ ሜትር እዚህ ላይ አያዋጣም፤ የገመዱ ሬዚስታንስ ራሱ ከኮንታክቱ ይበልጣል። እሳቸው 100 ሚሊ አምፒር አሳልፈው ኮንታክቱ ላይ የሚቀረውን ሚሊቮልት ያነባሉ። 5 ሚሊቮልት ማለት 50 ሚሊ ኦም ነው፤ ለአዲስ ሪሌይ የተፈቀደው ጣሪያ እሱ ነው። የእኛው ከዚያ በታች ሆነ። ደጋግመው እያስነሱ ለኩት፣ አልተንቀሳቀሰም።

ከመበየዳቸው በፊት የነጂውን ትራንዚስተርና የኮይሉን ዳዮድ ፈተሹ። የኮይሉን ፖዘቲቭ ቦርዱ ላይ በማርከር ምልክት አደረጉ። ይህ ሪሌይ ውስጡ ማግኔት ስላለው ተገልብጦ ከታሰረ አይነሳም። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲያደርግ አጠገቡ ቆሞ ማየት ትምህርት ቤት መግባት ነው። ከዚያ የኦሲሎስኮፑን የራሱን 1 ኪሎ ኸርዝ ስኩዌር ዌቭ (ባለ ቀጥ ማዕዘን የመፈተሻ ሞገድ) አስገብተው ሬንጁን ከታች እስከ ላይ አዞሩት። ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ታየ። ቁመቱም በየሬንጁ ልኩን ጠበቀ።

ሒሳቡን ሲነግሩኝ ጨምሬ ልክፈል ብዬ ተከራከርኩ። እምቢ አሉ። ቦርድ ካለህ አምጣልኝ ብቻ አሉኝ።

ሌላው የወደድኩላቸው ነገር፣ የማይሠሩትን ፊት ለፊት ይናገራሉ። ጊጋ ኸርዝ የሚያወጣ የሲግናል ጄኔሬተር ማሳነሻ ሪሌይ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። "ይሄ 50 ኦሙን መጠበቅ ያለበት ልዩ ሪሌይ ነው፤ ከስልክ ካርድ አውጥቼ ብገጥምልህ አጭበረበርኩህ ማለት ነው" ብለው መለሱት። ከሁሉም በላይ እንዳምናቸው ያደረገኝ ይህ ነው።

ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ የኮሌጅ ላብ የምትይዙም ጭምር፣ ሬንጁ የሚዘል መልቲሜትር ወይም ቻናሉ የሞተ ኦሲሎስኮፕ ካላችሁ "አይሠራም" ብላችሁ መጋዘን አትክተቱት። ጋሼ ጋ ውሰዱት። ሪሌዩን ራሳችሁ ነቅላችሁ አትሂዱ፤ ከነቦርዱ ማየት ይፈልጋሉ። ሰርቪስ ማንዋሉ ካላችሁ በስልካችሁም ቢሆን ያዙላቸው። አሮጌ የስልክ ማዞሪያ ካርድ ወይም ፋክስ ያለው ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ለእሳቸው ያሳያቸው፤ ይገዛሉ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለጠየቀ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። እሑድና በዓል ስለማይሠሩ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉላቸው።