ካሜራው ያጋጥመው ወይስ ኮምፒውተሩ?

ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ቆሞ ጅማን ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ በአንድ ፎቶ እንደማትገባ ያውቃል። ፓኖራማ፣ ማለትም ሰፊውን እይታ በአንድ የሚይዝ ረጅም ፎቶ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የካሜራው የራሱ ፓኖራማ ነው። ቁልፉን ተጭኖ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ማዞር፤ በቃ። ለፌስቡክና ለቴሌግራም ይበቃል። የሚንቀሳቀስ ነገር ግን አይወድም። መርካቶ ሰፈር ብትሞክሩት ግማሽ ባጃጅ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚያወጣውም ጄፔግ (የተጨመቀ ፎቶ) ብቻ ስለሆነ ኋላ ብዙ ማስተካከያ አይችልም።

ሁለተኛው ፎቶዎቹን ለየብቻ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ ማጋጠም ነው። ለህትመት ከሆነ እኔ ሌላ አልመርጥም። ካሜራውን በቁሙ ያዙት። እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር 30 በመቶ ያህል ይደራረብ። ዋናው ነገር ማኑዋል ላይ ማድረግ ነው፤ ብርሃኑን፣ ፎከሱንና ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፉ። አለዚያ ደመናው ፀሐይዋን በሸፈነና በገለጠ ቁጥር ብርሃኑ ይቀያየርና ሰማዩ የተጣፈ ጋቢ ይመስላል። በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ። ማጋጠሚያው ፕሮግራም ላይትሩም የሌለው፣ ሁጊን የሚባለውን በነፃ ያገኛል። ትሪፖድ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ፎቶው ውስጥ የሚገባ ቅርብ አጥር ወይም ምሰሶ ከሌለ ግን በእጅም ይሆናል።

መልቲፕል ኤክስፖዠር፣ ማለትም ፎቶን በፎቶ ላይ መደረብ ላይ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። የቡና ቅጠልን በሰው ፊት ላይ መደረብ ካሜራው ውስጥ ሲሠራ ነው ደስ የሚለው፤ ውጤቱን እዚያው አይቶ ይደገማል። ሁለት ፎቶ ከሆነ እያንዳንዱን በአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ) አጨልሙ። ካሜራው በራሱ የሚያመጣጥን ከሆነ ተዉት።