ቲኬቱ እጃችን ላይ ነው ብላችሁ እንዳትተኙ

የወንድሜ ሰርግ ቅዳሜ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፣ ስለዚህ የማይሆን ቃል ካመለጠኝ ይቅር በሉኝ።

ቲኬት የቆረጠልኝን ልጅ ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት እንኳ አይነቱን ታውቁታላችሁ። ቦሌ ከሚገኙት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ ግድግዳው ላይ የዱባይ ፎቶ። ቴሌግራሙ ላይ በየቀኑ «ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቷል» ይላል። ስትገቡ ውሃ ያቀርብላችኋል፣ «የኔ እህት» ይላችኋል፣ ሁለት ስልክ በአንዴ ያወራል። ሂሳብ ላይ ስትደርሱ የድርጅቱ አካውንት ሁልጊዜ «ሲስተም የለውም»፤ በግሉ ታስገቡለታላችሁ። ደረሰኝ ነገ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ለዘመድ አዝማዱ ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ። «በግል አካውንት እንዳትከፍሉ» የምትለዋ እኔ ነኝ። ከፈልኩ።

ወንድሜ የሚኖረው ስዊድን ነው። የያዘው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ስለሆነ ሌላ አገር ቢሄድም ወደዚህ መምጣት አይችልም። እናታችን ካየችው ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ለእሷ የሸንገን ቪዛ ሁለቴ ጠይቀን ሁለቴም ተከልክለናል። ስለዚህ ሊያገባ ሲወስን «እማዬ ቪዛ የማትጠየቅበት አገር ነው የምዳረው» አለና ኬንያን መረጠ። ከሞምባሳ በስተደቡብ ዲያኒ የሚባል ነጭ አሸዋ ያለበት የባሕር ዳርቻ አለ። ፈረንጅ ሊዝናና ይሄድበታል፣ ፎቶው ያምራል። ለእኛ ግን ባሕሩ ትርፍ ነገር ነበር። ናይሮቢም ካምፓላም ላይ እንዲህ ተገናኝታችሁ የዳራችሁ ቤተሰቦች ስለማወራው ነገር አታጡትም።

ዝግጅቱን ብታዩ እኔን የሚያታልል አለ አትሉም ነበር። ኬንያ ከዚህ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንደምትጠይቅ አውቄ እናቴን ከአንድ ወር በፊት አስከተብኳት። ኬንያ ፌስታል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደከለከለች አንብቤ ድርቆሹን፣ በርበሬውንና በሶውን አንድ በአንድ በጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ አሸግኩ። ሁለት ሌሊት። ለፌስታል እንዲህ የተጨነቅኩ ሰው፣ ለ118 ሺህ ብር አንድ ስልክ ለአየር መንገዱ አልደወልኩም።

118 ሺህ የሁለታችን ደርሶ መልስ ነው። ከዚያ በላይ 8 ሺህ ብር «የኢቲኤ (በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ) ማስፈጸሚያ» ብሎ ተቀብሎኛል። «ኬንያ ለእኛ ቪዛ የለውም አይደል እንዴ?» አልኩት። «ድሮ ነው የኔ እህት፣ አሁን ኢቲኤ የሚባል መጥቷል» አለኝ። ኢቲኤ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ሌላ አገር ሰው ይሞላዋል። እኛን አይመለከትም። ግማሽ እውነት እንዴት እንደሚያሳምን እዩልኝ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሳላጣራ አለመቅረቴ ነው። ቲኬቱን በፒዲኤፍ ሲልክልኝ የዚያኑ ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ስማችን ከፓስፖርቱ ጋር ልክ ነው፣ የቲኬት ቁጥሩ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ በ071 ይጀምራል፣ ቡኪንግ ቁጥሩን (የቦታ መያዣውን) የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ሳስገባ ጉዟችን ወለል ብሎ ወጣ። ሻይ አፍልቼ ለእናቴ «በቃ፣ ልጅሽን ልታዪ ነው» አልኳት። እልል አለች። ጎረቤት ሰማ።

ሐሙስ ጠዋት ቦሌ፣ ተርሚናል ሁለት። እናቴ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፣ ቀሚሷን ከሌሊቱ ጀምራ ለብሳለች። ሻንጣውን ሚዛን ላይ አወጣሁት፣ 22 ኪሎ ከምናምን አለ፣ ደስ አለኝ። ልጅቷ ፓስፖርታችንን ተቀብላ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች፣ ቆመች። እንደገና ጻፈች። ከጎኗ ያለውን ልጅ ጠርታ ስክሪኑን አሳየችው፣ ሁለቱም ዝም አሉ። ያቺ ዝምታ ናት የገደለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ይሄን ቲኬት ማን ነው የቆረጠላችሁ?» አለችኝ።

«ምነው?»

«ተቆርጦ ነበር፣ በዚያው ቀን ቮይድ ተደርጓል።»

እናቴ ክንዴን ይዛ «ምን አለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ቃሉን እኔም በዚህ አገባቡ ሰምቼው አላውቅም። ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ኤጀንት የቆረጠውን ቲኬት በዚያው ቀን ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል፣ ገንዘቡ ወደ እሱ ይመለሳል። እኔ እጅ የቀረው ፒዲኤፍ የሞተ ሰው ፎቶ ነው። ማታ ሳየው በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ ሻዬን ጠጥቼ ስተኛ ቀበረው።

ደወልኩለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ቴሌግራም ከፈትኩ፣ መልእክት እየጻፍኩለት እያለ ዓይኔ እያየ ፎቶው ጠፋ። ብሎክ አደረገኝ። ሻንጣዬ ሚዛን ላይ እንዳለ፣ ከኋላዬ ሰልፉ እያጉረመረመ። በዚያች ደቂቃ ትዝ ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከአንድ ቀን በፊት ኦንላይን ቼክ ኢን ሞክሬ እምቢ ሲለኝ ደውዬለት ነበር። «ሲስተም ነው የኔ እህት፣ ኤርፖርት ይሠራላችኋል» አለኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አመስግኜው ጭምር።

ያለኝን ሁሉ ከአካውንቴ አሟጥጬ፣ ሁለት ጓደኞቼን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ አስልኬ፣ የሞላልኝ ለአንድ ሰው ነው። 74 ሺህ ብር ተከፈለ፣ እናቴ ብቻዋን ሄደች። ሰልፉ ላይ የነበረች አንዲት ወደ ሞምባሳ የምትሄድ ልጅ «እኔ እይዛቸዋለሁ፣ አታስቢ» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። እናቴ ዘወር ብላ «አንቺስ?» ስትለኝ «በማታው እመጣለሁ» አልኳት። ዋሸኋት።

ሰርጉን በዋትስአፕ አየሁት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ወንድሜ እናቴ ጉልበት ላይ ሲወድቅ ምስሉ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ።

ዓርብ ቢሮው ሄጄ ነበር። ልጁ የለም። ጠረጴዛው አለ፣ የፕላስቲክ አውሮፕላኑም አለ። ሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሴት ጥፍሯን እየሞረደች «እሱ የእኛ ሠራተኛ አይደለም፣ ጠረጴዛ ነው የተከራየው» አለችኝ። እንዴት፣ ባለፈው ውሃ ያመጣሽልኝ አንቺ አይደለሽም ወይ? «ለገባ ሁሉ ውሃ እንሰጣለን።» የድርጅቱ ደረሰኝ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፣ እንደሌለኝ እያወቀች። ጮኽኩ፣ አልክድም። ቀና ብላ አየችኝና «እናትሽ ሄደዋል አይደል? ታዲያ ምን ሆንሽ?» አለች። ከንዴቴ የተነሳ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ፖሊስ ጋ አመልክቻለሁ፣ ያስገባሁበትን የባንክ ወረቀት ይዘውልኛል። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።

ለሰርግ ወደ ውጭ የምትሄዱ፣ በተለይ ደግሞ ሽማግሌ ይዛችሁ፦ ቲኬት በተቆረጠ ዕለት ማየት ዋጋ የለውም፣ በማግስቱ ለአየር መንገዱ ራሱ ደውላችሁ ቁጥሩን አስነብቡ፣ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊትም ድገሙት። ቡኪንግ ቁጥር ስድስት ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፣ ቲኬት ማለት ባለ 13 አሃዙ ነው። ኦንላይን ቼክ ኢን እምቢ ካለ «ሲስተም ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ለኬንያ ቪዛ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። የግል አካውንቱን ነገር እኔ ለመናገር አፍ የለኝም።

እናቴ ሐሙስ ትመለሳለች። የመመለሻ ቲኬቷን ዛሬ ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ ደውዬ አስነበብኩ። ስልክ ያነሳው ልጅ ድምፄን ለይቶኛል መሰለኝ፣ ቁጥሩን ሳልጨርስለት «አለ፣ እህቴ፣ አለ» አለኝ።