የአንገት የሊምፍ ከረጢት፦ ቀዶ ጥገና ወይስ መርፌ?
ደብረ ብርሃን ላይ አንገቱ ያበጠ ሰው ቶሎ የሚጠረጠረው በእንቅርት ነው። ለስላሳና የማያም፣ ሲጫኑት ውሃ እንደሞላው ፊኛ የሚል ከሆነ ግን የሊምፍ ከረጢት፣ ማለትም ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ የተጠራቀመበት እብጠት፣ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ፈሳሹን ያሳያል። ዕድሜ 40 ካለፈ ግን መዝናናት የለም፤ ካንሰርም ከረጢት መስሎ ይመጣልና ናሙና ይወሰድ።

ቀዶ ጥገና ሙሉውን ካወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል፤ የወጣውም በፓቶሎጂ (ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ) ይመረመራል። ነርቭ ላይ ከተጣበቀ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከፊሉ ከቀረም ሊመለስ ይችላል።

ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ ብሊዮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የተባለ፣ ከረጢቱን የሚያኮማትር መድኃኒት መጨመር ትልቅ ጠባሳ አይተውም። ዝም ብሎ መቅዳት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ተመልሶ ይሞላል። መድኃኒቱ ለሰፋፊ ከረጢቶች ጥሩ ነው፤ ለጥቃቅኖቹ እምብዛም። መመላለስም አለው፤ ከመንዝ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ይሄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በቀላሉ ተለይቶ ለሚወጣ እብጠት እኔ ቀዶ ጥገናውን እመርጣለሁ።