ሞንትፔሊየር ከሄዳችሁ ቁፋሮውን እንዳታልፉት

ይሄን የምጽፈው ቨርጂኒያና አካባቢዋ ለምትኖሩ ነው፤ በተለይ ከአገር ቤት እንግዳ መጥቶ፣ ዋሽንግተን ታይቶ አልቆ፣ አሁን ደግሞ የት እንውሰዳቸው ለምትሉ። ሞንትፔሊየር ውሰዷቸው። የአራተኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የጄምስ ማዲሰን ቤት ነው፣ ኦሬንጅ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከቻላችሁ በሰመር ሂዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ባሉበት ቀን። ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጣችሁ ብትወጡ ይሻላል፣ ምክንያቱም የቦታው ትልቁ ነገር ለኔ እሱ ነው።

ስለ ዋናው ቤት ብዙ አልልም። ጥሩ ነው። አስጎብኚዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፣ ከባድ ጥያቄም አይሸሹም። ማዲሰን ከ1787ቱ የፊላደልፊያ ጉባኤ በፊት የጥንት መንግሥታት ለምን እንደፈረሱ ሲያነብ የከረመበትን ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ታያላችሁ። የሕገ መንግሥቱ ሐሳብ እዚያ ነው የበሰለው። በረንዳው ላይ ቆማችሁ የብሉ ሪጅን ተራሮች ስታዩ ደግሞ ፎቶ ሳታነሱ አትወርዱም። በቃ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ሂዱ።

ማዲሰን ከመቶ በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። በ1836 ሲሞትም በኑዛዜው ነፃ አላወጣቸውም። ትምባሆና ስንዴውን ያመረቱት፣ ምግቡን ያበሰሉት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው ፖል ጄኒንግስ የሚባል ሰው አለ፤ በ1799 እዚሁ ተወለደ፣ ማዲሰንን እስከ ሞቱ ድረስ አገለገለ፣ በኋላ ነፃነቱን አግኝቶ በ1865 ትዝታውን አሳተመ። እሱ ስለራሱ ተናግሯል። የሌሎቹ ኑሮ ግን ያለው አፈሩ ውስጥ ነው፣ ተማሪዎቹም ተንበርክከው የሚፈልጉት እሱን ነው።

እኛ ቁፋሮ ሲባል የምትመጣልን ሉሲ ናት፣ ወይ የአክሱም ነገሥታት መቃብር። እዚህ የሚወጣው የአንድ ቤተሰብ የጓሮ ጥራጊ ነው፦ የተሰበረ ሳህን፣ የአሳማ አጥንት፣ የልብስ ቁልፍ፣ የሸክላ ፒፓ ስባሪ፣ ምስማር፣ ምስማር፣ አሁንም ምስማር። መሬቱ በክር አራት ማዕዘን እየሆነ ይከፋፈላል። ተማሪዎቹ እጅ የምታህል ሹል ብረት ይዘው አፈሩን ስስ ስስ አድርገው ይልጡታል፣ ወደ ባልዲ ይገባል፣ ከባልዲው ወደ ትልቅ ወንፊት። የአፈሩ ቀለም ትንሽ እንኳ ከተለወጠ ያቆሙና ይጽፋሉ፣ ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ማንኛውም የወጣ ነገር ከየትኛው ጉድጓድና ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ተጽፎበት ከረጢት ውስጥ ይገባል። ይሄ ካልተጻፈ፣ ወርቅ ቢያገኙ እንኳ የሚነግራቸው ነገር ትንሽ ነው።

አንዷ ተማሪ፣ ፊቷ አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ የዛገ ምስማር መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችን። እኔ ብሆን ረግጬው አልፍ ነበር። እሷ ግን ጎኑን አዙራ፣ ይሄ በአንጥረኛ እጅ የተቀጠቀጠ ነው፣ ያኛው በማሽን የተቆረጠ ነው፣ እያለች በትዕግሥት አስረዳች። በማሽን የተቆረጠው ከ1790ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ ነው፣ ዛሬ የምናውቀው ክብ የሽቦ ምስማር ደግሞ ገበያውን የያዘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ በምስማሩ ዓይነት ብቻ ቤቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደታደሰ መገመት ይቻላል። ከኛ በፊት የነበሩት ጎብኚዎችም ያንኑ ጠይቀዋት ነበር፤ ለኛም እንደ አዲስ ነው የነገረችን። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ከፍላችሁ በምትገቡበት ቦታ ሁሉ አይገኝም።

ይሄ ሁሉ ልፋት የት እንደሚደርስ ማየት ከፈለጋችሁ ከዋናው ቤት ጎን ወዳለው ግቢ ሂዱ። የቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ይኖሩበት የነበረው ነው። በ1837 የተሠራ የኢንሹራንስ ካርታ ቤቶቹ የት እንደነበሩ ያሳያል፣ ቁፋሮው ደግሞ የጭስ ማውጫውን መሠረት፣ የመስኮት መስታወቱን፣ የሚበሉበትን ሸክላ አወጣ። በዚያ መሠረት ሦስት መኖሪያ ቤቶች፣ አንድ ማድ ቤትና ሁለት የሥጋ ማጨሻ ቤቶች እንደገና ቆመዋል። ከማዲሰን መስኮት ሆናችሁ እዩዋቸው። አፍንጫው ሥር ናቸው። ስለ ነፃነት ሲጽፍ የልጆቻቸው ድምፅ ይሰማው ነበር ማለት ነው፣ እና ይሄን ቆማችሁ ስታስቡት የሕገ መንግሥቱን ታሪክ ከዚያ በፊት እንደሰማችሁት አትሰሙትም።

ምድር ቤቱን እንዳትረሱ። እዚያ ያለው ኤግዚቢሽን ስለ ባርነት ነው፣ በደንብ የተሠራ ነው፣ ስሞቹን ግድግዳው ላይ ታነባላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ጡቦቹን ፈልጉ። ጭቃው እርጥብ ሳለ የያዙት ሰዎች የጣት አሻራ እስከ ዛሬ አለበት፣ የልጅ ጣት ጭምር። እኔ ረጅም ሰዓት ቆሜ ነው ያየሁት። ልጆቻችን እዚህ አገር የሚያድጉት ጥቁር ሆነው ነው፤ ይሄን ታሪክ ስክሪን ላይ ከሚያዩት እዚህ ቆመው ቢያዩት ይሻላል ባይ ነኝ። ትንንሾቹም አይሰለቹም፣ ወንፊቱ ላይ ምን ይወጣ ይሆን እያሉ ይንጠላጠላሉ።

ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። የቨርጂኒያ ሰመር ቀላል አይደለም፣ ውሃና ኮፍያ ያዙ፣ ጫማችሁም ለሣርና ለአቧራ የሚሆን ይሁን። መሬት ላይ ያያችሁትን ነገር አንስታችሁ ኪስ እንዳትከቱ። ጊዜ ካላችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጆርጅ ጊልሞርን የእንጨት ቤት እዩ፤ ከባርነት ነፃ ከወጣ በኋላ ለራሱና ለቤተሰቡ የሠራት ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን የራሱ ናት።

ኮሌጅ ያለ ልጅ ላላችሁ ደግሞ፦ የጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት እዚህ መጥተው ሲሠለጥኑ ኖረዋል፣ ሥልጠናውም የትምህርት ክሬዲት ያስገኛል። ተማሪ ያልሆነ ሰው እንኳ ከፍሎ ተመዝግቦ ከባለሙያዎቹ ጋር የሚቆፍርበት ፕሮግራም አላቸው። "አርኪዮሎጂ ተምረሽ ምን ልትበዪ?" የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ1966 የወጣው የቅርስ ጥበቃ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ታሪካዊ ቦታ እንዳይጎዳ እንዲታይ ያስገድዳል። ስለዚህ መንገድና ድልድይ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የሚመረምሩ ኩባንያዎች አሉ፣ ሰው ይቀጥራሉ፣ ሲቀጥሩም በብዛት መጀመሪያ የሚጠይቁት እንዲህ ያለ የመስክ ሥልጠና መውሰዱን ነው።