ባለ አንድ ልክ የኪሮሽ የቤት ጫማ ፓተርን፦ ለልጅ እግር ሲለካ

ከጣት ጫፍ ተጀምሮ ወደ ተረከዝ የሚሠራውን የኪሮሽ የቤት ጫማ ፓተርን ኪሮሽ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳያገኘው አይቀርም። ኢንተርኔት ላይ በነጻም አለ፣ በጥቂት ዶላርም ይሸጣል። ጫፉ ላይ በሚጠበብ ቀለበት ይጀመራል፤ እየዞረ እንደ ትንሽ ከረጢት ይሰፋል፤ የእግር መሃል ሲደርስ አፉ ይከፈትና ወዲያና ወዲህ በረድፍ እየተመላለሰ ይሠራና ተረከዙ ላይ በመርፌ ይሰፋል። ልኩ አንድ ብቻ ነው፦ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአዋቂ ሴት እግር። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንዲት መስመር ትጨመራለች፦ ለልጅ ሲሆን አነስ ያለ ኪሮሽ (መንጠቆ) ተጠቀሙ። የፓተርኑ ትልቁ ጉድለት ይህችው መስመር ናት።

ቀሪው ጥሩ ነው። ስፌቱ ተረከዙ ላይ ብቻ ስለሆነ ከውስጥ እግር የሚቆረቁር ነገር የለም። የሚፈልገውም አንድ ዓይነት ዓይን (በኪሮሹ የሚሠራ አንድ ቋጠሮ) ነው፤ አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉት አጭሩ። እንግሊዞች ግን ይህንኑ አጭር ዓይን ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ አሜሪካኖች ደብል የሚሉት ቁመቱ የአጭሩን እጥፍ ያህል የሆነ ሌላ ዓይን ነው። በእንግሊዝ አጠራር የተጻፈውን በአሜሪካ አጠራር ያነበበ ሰው ጫማ ጀምሮ ቦት ጫማ ይጨርሳል። ፓተርኑ የየትኛው አገር እንደሆነ ካልተጻፈበት «ሲንግል ክሮሼ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ካለ የአሜሪካ ነው።

ወደዚያች መስመር እንመለስ። ፓተርኑ የተሰላው በመካከለኛ ክር ነው፤ ክራፍት ያርን ካውንስል የተባለው የአሜሪካ የክር ኢንዱስትሪ ማኅበር ከ0 እስከ 7 በሚሰጠው የውፍረት ቁጥር 4 የሚባለው። በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሲሠራ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 14 ዓይን ወደ ጎን፣ 16 ረድፍ ወደ ላይ ይገባል። ማኅበሩ ለቁጥር 4 ክር የሚመክረው ከ5.5 እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሠራሩ ከመነሻው ጠበቅ ያለ ነው። ለጫማ ተገቢ ነው፤ የላላ ኪሮሽ ወለል ላይ አይቆይም። ግን ከዚህ በላይ የሚጠብቅበት ቦታ የለም። የአዋቂዋ ጫማ ሳይለበስ 22.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እግሩ 16.5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ 15.5 ያስፈልጋል፤ ማለትም ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ መውረድ አለበት። ከ5 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ መቀየር የሚያሳንሰው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 3 ሚሊ ሜትር ብትሞክሩ ጫፉ ክሩን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፣ ክሩን ይሰነጥቀዋል፣ የሚወጣውም ጨርቅ ራሱን ችሎ እንደ ካርቶን ይቆማል።

ሒሳብ ለሚጠላ ሰው ክሩን ማቅጠን ይቀራል። የዓይኑን ቁጥር ሳትነኩ የአዋቂዋን ጫማ ዙሪያ 30 ዓይን ለልጁ በሚያስፈልገው 14.4 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ (ስሌቱ ከታች ይመጣል) ለማስገባት 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 21 ዓይን ሊመጣላችሁ ይገባል። ይህ ደግሞ ከ4 ወደ 3 ዝቅ በማለት አይገኝም፤ የካልሲ ክር የሚባለው ቁጥር 1 ነው የሚያስፈልገው። ይሠራል፤ ነገር ግን የሚወጣው ወፍራም ካልሲ ነው፣ ድካሙም የአዋቂው ሙሉ ድካም ነው። ገና ላልቆመ ሕፃን ያምራል፤ ለሚሮጥ ልጅ ግን ክሩን ሳይቀይሩ ዓይኑን ማስላት ይሻላል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከልኬት ነው። ልጁ ቆሞ፣ ተረከዙ ግድግዳ ነክቶ፣ ወረቀት ላይ ነው የሚለካው፤ ተቀምጦ የተለካ እግር አጥሮ ይገኛል። ሁለቱንም እግር ለክታችሁ ረጅሙን ያዙ፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አለመሆኑንም አስተውሉ። ከዚያ በልብስ ሜትር ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሰፊውን ቦታ ዙሩበት። ልጁ ሩቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አክስቱ ዋሽንግተን እሱ አዲስ አበባ ከሆነ፣ የጫማ ቁጥሩ ይረዳል። አገር ቤት የምንገዛበት የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው በሁለት ሦስተኛ ሳንቲ ሜትር ይለያል፤ የሚቆጥረው ግን ጫማው የሚሠራበትን ቅርጽ (ፎርማ) ርዝመት እንጂ እግሩን አይደለም። ቁጥሩን በ2 አባዝታችሁ ለ3 አካፍሉና 1.5 ቀንሱ፦ 27 ቁጥር 18 ይሆናል፣ እግሩ 16.5 ገደማ ነው። በአሜሪካ ቁጥር ይኸው ጫማ 10 አካባቢ ነው፤ የአሜሪካው የልጆች ቁጥር 13 ከደረሰ በኋላ እንደገና ከ1 ስለሚጀምር «1 ቁጥር» ሲባል የጨቅላ መስሏችሁ እንዳትሠሩ። «ከ3 እስከ 5 ዓመት» የሚል ልክ ደግሞ ምንም አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ የኛ ቤት ልማድ ጣልቃ ይገባል፦ «ይስፋው፣ ያድግበታል»። ለቆዳ ጫማ ትክክል ነው። የክር ጫማ ግን ተለጥጦ እግሩን ካልያዘ ጫፉ ፊት ለፊት ይታጠፍና ልጁን ይጥለዋል። ስለዚህ ከርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከዙሪያው ደግሞ ከመቶ አሥር ቀንሱ። ጥጥ ከሆነ ከመቶ አሥራ አምስት ይሁን፤ ጥጥ አንዴ ከሰፋ አይመለስም።

ለዚያው 16.5 ሳንቲ ሜትር እግር፣ ዙሪያው 16 ቢሆን፣ ጫማው 14.4 በ15.5 ይሆናል። በአንድ ሳንቲ ሜትር 1.4 ዓይንና 1.6 ረድፍ ስለሚገባ 20 ዓይንና 25 ረድፍ መጣ። የአዋቂው ፓተርን ቀለበት ውስጥ 6 ዓይን አስገብቶ በየዙሩ 6 እየጨመረ በ5 ዙር 30 ይደርሳል። 20 ለ6 አይካፈልም። ብዙ ሰው 18 ላይ ያቆማል ወይም 24 ያደርሳል፤ አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። መውጫው ቀላል ነው፦ በ5 ጀምሩ፤ 5፣ 10፣ 15፣ 20፤ በ4 ዙር አለቀ። በ5 የተጀመረ ክብ ዝርግ ሆኖ አይተኛም፣ ጎድጎድ ይላል፤ ጣት የሚገባበት ስለሆነ ጉድጓዱ እንዲያውም ጥሩ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጫማው የሚበላሸው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የአዋቂው ፓተርን ርዝመቱን እኩል ከፍሎ 18 ዙር ዝግ፣ 18 ረድፍ ክፍት ያደርጋል፤ ፊት ለፊት 8 ዓይን ትቶ በ22 ይመላለሳል። ይህን እንዳለ ብታሳንሱት ለልጅ 12 ዙር ዝግ ይሆንና የሚተወው 5 ወይም 6 ዓይን ይሆናል። የትንሽ ልጅ እግር ግን ከላይ ድፍን ያለና ወፍራም ነው፤ 12 ዙር የተዘጋ ጫማ በግድ ነው የሚገባው፣ 14 ዓይን ብቻ የሆነው ጎን ደግሞ ዝቅ ይልና ሲራመድ ከተረከዙ ይወልቃል። ሲገባ ይጠብቃል፣ ከገባ በኋላ ይወልቃል፤ ሰው ሁሉ «ልኩን ሳትኩ» ብሎ የሚፈታው ለዚህ ነው። ልኩ ደህና ነው፤ አፉ ነው ቦታውን የሳተው። ዝጉን 11 ዙር ላይ አቁሙ፤ 4 የመጨመሪያ፣ 7 ቀጥ ያለ። ፊት ለፊት 4 ዓይን ብቻ ትታችሁ በ16 ዓይን 14 ረድፍ ተመላለሱ። አፉ ቀደም ብሎ ይከፈታል፣ ጎኑ ግን ከፍ ይላል።

ከመክፈታችሁ በፊት ጫማውን አጥፋችሁ እዩት። ሳይገለበጥ የሚዞር ኪሮሽ በየዙሩ ትንሽ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ዙሩ የጀመረበት ቦታ 11ኛው ላይ ሲደርስ የእግሩ መሃል አይደለም። ጣቱን አስተካክላችሁ አስተኙትና መሃሉን በሌላ ቀለም ክር ምልክት አድርጉ፤ ሁለት ሦስት ዓይን ወደፊት ሄዶ መክፈት ካስፈለገ ሂዱ። ይህን የዘለለ ሰው አፉ ወደ ትንሹ ጣት የዞረ ጫማ ያወጣል።

ተረከዙን ፓተርኑ ቀጥ አድርጎ አጥፉና ስፉ ይላል። በአዋቂ እግር ክብደት ይለጠጥና ቅርጹን ያገኛል፤ በልጅ እግር ግን ከኋላ በታች እንደ ትንሽ ቀንድ ወጥቶ ይቀራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ላይ መሃል ለመሃል ሁለት ሁለት ዓይን ቀንሱ፤ 16ቱ 14፣ ከዚያ 12 ይሆናል፣ ማዕዘኑም ይከብባል።

የአፉ ጠርዝ ላይ ደግሞ ፓተርኑ ከየረድፉ አንድ ዓይን አንሡ ይላል። ረድፉ ከዓይኑ ስፋት ያጠረ ስለሆነ ጠርዙ ይበዛና እንደ ቀሚስ ጫፍ ይዘናፈላል። ከየጎኑ 14 ረድፍ 12 ዓይን አንሡ፤ ከፊቱ 4 ጋር 28 ይመጣል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሁለተኛው ዙር ላይ በሁለቱ የፊት ማዕዘኖች አንድ አንድ ቀንሱና በ26 ጨርሱ። ለሚሯሯጥ ልጅ በላዩ የሚሻገር ማሰሪያ ይጨመር፤ ቁልፍ ግን ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደረግም፣ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል። የክሩን ጫፎችም ጣት አካባቢ ልቅ አትተዉ፤ የሕፃን ጣት ላይ የተጠመጠመ ክር ደም ያግዳል።

የፓተርኑ የክር ግምት በአንጻሩ የሚታመን ነው፤ ለአዋቂ ጥንድ 70 ግራም ገደማ ይላል። ለልጅ ሲወርድ ግን ርዝመቱም ስፋቱም አብረው ስለሚቀንሱ በርዝመቱ ብቻ (15.5 ለ22.5) እንደሚሰላው 69 በመቶ ሳይሆን ግማሽ ያህል ነው የሚፈጀው፤ 35 ግራም። ሬድ ሃርት ሱፐር ሴቨር የተባለው የአክሪሊክ ክር 198 ግራም፣ 333 ሜትር ነውና ከአንዱ አምስት ጥንድ ይወጣል። ሲገዛ ሻካራ ነው፣ ሲታጠብ ይለሰልሳል፤ ማሽን ውስጥ ስለሚገባ ለልጅ እንመርጠዋለን። ሊሊ ሹገርንክሪም ጥጥ ነው፤ 71 ግራሙ 109 ሜትር ነው፤ ለሞቃት አገር ጥሩ ነው፣ መስፋቱን ግን ከላይ ተናግረናል።

መለያ ወረቀቱ የወደቀ ክር ከመርካቶ ከገዛችሁ እርሳስ ላይ ሳትወጥሩ ጎን ለጎን ጠምጥሙት። 2.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ9 እስከ 11 ዙር ከገባ ቁጥር 4 አካባቢ ነው። ከምን እንደተሠራ ደግሞ ቁራጩን በክብሪት ለኩሱት፦ ሱፍ እንደ ጸጉር ይሸታል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሁለቱን ጫማዎች ደግሞ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከመጀመር ይልቅ ከክሩ ሁለት ጫፍ ጎን ለጎን ብታስኬዱ ይመረጣል፤ እጅ ሲፈታ ዓይኑም ይላላልና ሁለተኛው ሰፍቶ ይገኛል።

ስሌቱን ጨርሶ ለማይፈልግ ሰው ጋርንስቱዲዮ የተባለው የኖርዌይ ድርጅት ድሮፕስ በሚል ስም በነጻ የሚያወጣቸው ፓተርኖች አሉ። ብዙዎቹ የጫማ ቁጥሩንና የእግሩን ርዝመት በሳንቲ ሜትር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ባለ አንድ ልኩ ፓተርን ይህን ቢማር ግማሹ ችግር ይጠፋ ነበር። ብቻ ታጥቦ እንዲኮማተር የታሰበውን ካልታሰበው ለይታችሁ አውርዱ። የሚኮማተረው ንጹሕ ሱፍ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ ድሮፕስ ስኖው፣ 50 ግራሙ 50 ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ክር። በአክሪሊክ ከሠራችሁት አሥር ጊዜ ብታጥቡትም የግዙፍ ሰው ጫማ ሆኖ ይቀራል። ልኩን ልትቀይሩ ከሆነም ናሙናውን አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ነው መለካት ያለባችሁ።

ሶሉን በሚመለከት ባለ አንድ ልኩ ፓተርን ዝም ብሏል። አክሪሊክ በሴራሚክ ወለል ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ ልጅ ደግሞ አይራመድም፣ ይሮጣል። ሻካራ ገጽ ያለው ስስ ቆዳ በእግሩ ቅርጽ ቆርጦ መስፋት ከሁሉ ይበልጣል። ያ ካልተገኘ የሕንጻ መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ሲሊኮን በምስር ፍሬ መጠን እየተንጠባጠበ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ወረቀት ላይ የነደፋችሁትን እግር ከካርቶን ቆርጣችሁ ጫማው ውስጥ አስገቡና ወጥሩት። ሳይወጠር የተቀባ ሲሊኮን እግር ሲገባበት ይላቀቃል፤ ወይም ጨርቁን ይዞ እንዳይለጠጥ ያደርገዋል፣ ያን ጊዜ የቀነሳችሁት 1 ሳንቲ ሜትር ጣቱን ይጫነዋል። ካርቶኑን ሳታወጡ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።