ለአነስተኛ ባለአክሲዮኖች የሂሳብ መግለጫ የሚመረምር የከዚራ ቢሮ፦ የአገልግሎት ግምገማ

በድሬዳዋ ከሚሠራ አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ኩባንያ ውስጥ አነስተኛ ድርሻ ያለን ጥቂት ባለአክሲዮኖች፣ የ2016 በጀት ዓመት የሂሳብ መግለጫ ላይ ከአብላጫው ባለድርሻና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስላልተስማማን፣ መግለጫውን በገለልተኛ ዓይን የሚያይልን ባለሙያ ፈልገን ከዚራ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የሂሳብ አማካሪ ቢሮ ሄድን። ክርክሩ እስካሁን ስላልተቋጨ፣ ድሬ ደግሞ ነጋዴው ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች፣ የኩባንያውንም ሆነ የቢሮውን ስም አልጠቅስም። የምጽፈው እንዲህ ያለ አገልግሎት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ወደ ቢሮው የገባነው በሦስት ቅሬታዎች ነበር። አንደኛው፣ የጭነት መኪኖቹ የአገልግሎት ዘመን ከአሥር ዓመት ወደ ሰባት ዝቅ ተደርጎ የዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም ንብረቱ በማርጀቱ በየዓመቱ ከትርፍ የሚቀነሰው ሂሳብ፣ ከፍ ማለቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሳቢያን አካባቢ ላለው መጋዘን የሚከፈለው ኪራይ ነው፤ መጋዘኑ የሥራ አስኪያጁ የትዳር ጓደኛ ንብረት ሆኖ ሳለ ይህ በመግለጫው ውስጥ በአንድ ቃል እንኳ አልተነሣም። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ትርፉን ከሞላ ጎደል የበላው የውጭ ምንዛሪ ኪሳራ ነው።

የቢሮውን ደረጃ ያሳየኝ የመጀመሪያውን ቅሬታ የተቀበለበት መንገድ ነው። ደንበኛ ቅር እንዳይለው ብሎ ሁሉንም «ልክ ናችሁ» የሚል አማካሪ ሞልቷል። ጉዳያችንን የያዙት ባለሙያ ግን የጥገና ወጪ ዝርዝሩን ካገላበጡ በኋላ፣ መኪኖቹ በደወሌ መስመር ወደ ጅቡቲ በሚመላለሱበት ሙቀትና አቧራ ሰባት ዓመት ምክንያታዊ ግምት መሆኑን ነገሩን። የንብረትን የአገልግሎት ዘመን በየዓመቱ መጨረሻ እንደገና ማየት የሚያስወቅስ ሳይሆን ዓለም አቀፉ የሂሳብ ስታንዳርድ ራሱ የሚያዝዘው ሥራ ነው፤ ለውጡም የሚመለከተው የዛሬንና የወደፊቱን እንጂ ያለፉትን ዓመታት መዝገብ አይደለም። ከእኛ መካከል በዕድሜ ከፍ ያሉት ሰው ይህን አልዋጥ ብሏቸው ሲከራከሩ፣ ባለሙያዋ በትሕትና «አባባ፣ ይህ እርስዎ የማይወዱት ውሳኔ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም» አሏቸው። ይህ ቅሬታ ከማመልከቻችን ወጣ፤ ባይወጣ ኖሮ ሌሎቹንም ያዳክምብን ነበር።

የምንዛሪው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ባለሙያዋ የ2016ን የቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሰኔ 30ን በሰማያዊ፣ ሐምሌ 22ን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡ። የኩባንያው የሂሳብ ዓመት የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። ብሔራዊ ባንክ ብር በገበያ እንዲመነዘር የወሰነበትን ማሻሻያ ይፋ ያደረገው ሐምሌ 22 ነው። ሂሳቡ በተዘጋበት ቀን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከውሳኔው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ለአቅራቢ ያልተከፈለ 100 ሺህ ዶላር ዕዳ ያለበት ነጋዴ፣ በ57 ብር 5.7 ሚሊዮን የነበረው ዕዳው በ100 ብር ሲሰላ 10 ሚሊዮን ይሆንበታል። ልዩነቱ 4.3 ሚሊዮን ብር እውነተኛ ኪሳራ መሆኑን የካደ የለም። ጥያቄው የየትኛው ዓመት ኪሳራ ነው የሚለው ነው።

ዓለም አቀፉ የሂሳብ ስታንዳርድ ቁጥር 21 የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ሂሳቡ በሚዘጋበት ቀን ባለው ተመን እንዲመነዘር ያዝዛል። ስታንዳርድ ቁጥር 10 ደግሞ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ የሚከሰት ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥ ከመግለጫው ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ እንዲገለጽ እንጂ የተዘጋውን ዓመት ቁጥር እንዲለውጥ አይፈቅድም። ሥራ አስኪያጁ መግለጫው በተዘጋጀበት በመኸሩ ወራት አዲሱን ተመን እያየ ኪሳራውን ወደ ኋላ መልሶ 2016 ላይ ጫነው። «ጥንቃቄ ነው» የሚለው መልሱ በጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን በ2016 የትርፍ ድርሻ እንዳይከፈል አደረገ። ከዚያም በላይ፣ ከእኛ አንዱ ድርሻውን ለአብላጫው ባለድርሻ ለመሸጥ የተስማማው በዚያ ዓመት መዝገብ ዋጋ፣ ማለትም ከኩባንያው ንብረት ዕዳው ሲቀነስ በሚቀረው ዋጋ፣ ስለነበር፣ ኪሳራው ወደ ኋላ መምጣቱ የሚገዛውን ሰው ጠቀመ። ባለሙያዋ ይህን ካሳዩን በኋላ ያከሉት ነገር ደስታችንን ቀዝቀዝ አድርጎታል፦ ኪሳራው ከ2016 ቢወጣ 2017 ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚቀየረው የሚያርፍበት ዓመት ነው። ለመሸጥ ላሰበው ሰው ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለምንቆየው ግን ያን ያህል አይደለም።

በመጋዘኑ ላይ የሰጡት አስተያየት አጭር ነበር። ከሥራ አስኪያጁ የቅርብ ቤተሰብ ጋር የተደረገ ውል በስታንዳርድ ቁጥር 24 መሠረት በማብራሪያው መገለጽ ስለነበረበት አለመገለጹ ጉድለት ነው፤ ኪራዩ ከገበያ በላይ ነው ለማለት ግን በአካባቢው ያሉ ተመሳሳይ መጋዘኖች ዋጋ መቅረብ አለበት፤ እኛ ደግሞ ያቀረብነው ሐሜት ነበር።

ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ብቀር ግምገማው ሚዛን አይጠብቅም። ዋናው ሪፖርት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው ማጠቃለያ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ ለእርሱም ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቅን። ውሳኔውን በድምፅ የሚወስኑት አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚነግዱ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለማንበብ የማይመች ሰነድ ማስረከብ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራውም ከተባለው ጊዜ በጣም ዘገየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የግብር ማስታወቂያ ወቅት በመሆኑ ቢሮው በነጋዴ ይጨናነቃል፣ የእኛ ዓይነቱ ጉዳይም ወደ ታች ይገፋል። የሚቻለው ሰው ከኅዳር በኋላ ቢሄድ፣ ከሄደም ጠዋት ቢሄድ ይሻለዋል፤ የድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሰው አያስቀምጥም።

ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በአንድ የተወሰነ ሥራ የተቆረጠ ነው፤ ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል። ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ስንከፋፈለው ቻልነው። ውሉ ላይ በደንብ ሊነበብ የሚገባው አንቀጽ አለ፦ ባለሙያዋ ፍርድ ቤት ቀርበው በባለሙያ ምስክርነት እንዲያስረዱ ከተፈለገ ክፍያው ለብቻው ነው። የሕግ ምክርም አይሰጡም። ስለ ንግድ ሕጉ፣ ማለትም ስለ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስንጠይቃቸው ወደ ጠበቃ መሩን። ይህን እንደ ድክመት አልቆጥረውም፤ የሂሳብ ሰው ሕግ ሲተረጉም ያየሁት ጉዳት ብዙ ነው። ስለ ቅሬታ አቀራረብ ግን፣ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሚሠራው የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የኦዲተሮች ተቆጣጣሪ መሆኑን፣ መግለጫውን ያለ ተቃውሞ የፈረመው የውጭ ኦዲተር ጉዳይም ወደዚያ ሊሄድ እንደሚችል ገልጸውልናል።

በሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን «ያልታዩ ሰነዶች» የሚለውን ክፍል ነው። ኩባንያው ዋናውን መዝገብና የባንክ መግለጫዎችን ስላልሰጠን፣ ባለሙያዋ የትኛው ድምዳሜያቸው በኦዲት በተደረገው መግለጫ ላይ ብቻ እንደቆመና የትኛው መዝገብ ሲታይ ሊለወጥ እንደሚችል ለይተው ጽፈዋል። ጠበቃችን ሰነዶቹ እንዲቀርቡ ለማመልከት የተጠቀመው ይህንኑ ገጽ ነው።

ወደዚህ ዓይነት ቢሮ የሚሄድ ሰው የሦስት ተከታታይ ዓመታት የሂሳብ መግለጫዎችን ከነማብራሪያቸው፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤዎችን፣ የመመሥረቻ ጽሑፉንና የአክሲዮን ማስረጃውን ይዞ ይሂድ። እኛ ማብራሪያዎቹን በኋላ ስላመጣን ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ሙሉ የአማርኛ ሪፖርት በዋናው ክፍያ ውስጥ ካካተቱ አምስተኛውን ለመጨመር አላቅማማም።